መርዶ ለሄንሪክ

ማክሰኞ መጋቢት 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ለወንድሜ ለሶርሳ ደብዳቤ መጣለት። ከቀበርነው ሃያ ሦስት ቀን ሆኖን ነበር።

እኔ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ሆኜ ለአንዲት መምህርት የዝውውር ማመልከቻ እየጻፍኩላት ነበር። ከበዴሳ ነው የመጣችው። ከኋላዬ ቆማ «‹በታላቅ ትሕትና› የሚለውን ከላይም ከታችም አድርጊው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተባለ አያነቡትም» ትለኛለች። ከጥጉ የሶርሳ ኮምፒውተር ጡጥ አለች። ደብዳቤ ሲመጣ እንደዚያ እንድትል ያደረጋት እሱ ነው። ከሐዘን ተነስቼ ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ የእሱንም ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት እከፍታት ነበር። ምክንያት አልነበረኝም። ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅ ለምጄው ነው።

መምህርቷን ሸኝቼ ደብዳቤውን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ነው ያነበብኩት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ሶርሳ፣ የማተሚያዋ ፓኬጅ በአዲሱ ኮምፓይለር እምቢ ብላለች። የሲስተሙ አዲስ እትም ግንቦት 30 ይዘጋል። እስከዚያ ካልተስተካከለች ከእትሙ ትወጣለች። ከአንድ ወር በላይ ድምፅህ ጠፋ። አለህ? ሄንሪክ።»

«አለህ?» የምትለዋን ለማንበብ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ነገሩ እንዲገባ ከሥሩ ልናገር። ጉኑኖ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በ1999 ዓ.ም. ከውጭ አገር አሥራ አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ሲያትሙ እንደ ወፍጮ የሚጮኹ ሁለት አሮጌ ማተሚያዎች ተለገሱለት። ኮምፒውተሮቹ አንድ ሴሚስተር ሳይሞላቸው በቫይረስ ወደቁ። ሶርሳ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄደ፣ ነፃ የሆነውንና ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ማስተካከል የሚችለውን ሲስተም ጫነባቸው። ኮምፒውተሮቹ ተነሱ። ማተሚያዎቹ ግን ዝም አሉ።

እነዚያን ማተሚያዎች ማናገር የምትችል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። የጻፋት ሰው ከስድስት ዓመት በፊት ትቷት ሄዷል። ሲስተሙን የሚሠራው ፕሮጀክት በየአገሩ ያሉ፣ አብዛኞቹ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት ነው፤ ተንከባካቢ የሌላቸውን ፓኬጆች በአንድ ረጅም ዝርዝር ያስቀምጣቸዋል። ፓኬጅ ማለት ሌላው ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው ተሰናድቶ የታሸገ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፓይለር ደግሞ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው ነው። ሶርሳ «ይቺን የሚያያት ማን ነው?» ብሎ ጻፈ። ሄንሪክ የሚባል ሰው በማግስቱ «ማንም። ትፈልጋታለህ?» ብሎ መለሰለት። አጀማመሩ ይኸው ነው።

አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቱ አምስት። ያንን ዝርዝር አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር። ሲሞት አሥራ ሁለት ነበሩት። አንዷ የመዝሙር ኖታ ትጽፋለች፣ አንዷ የድሮ ካሴት ድምፅ ታጸዳለች፣ አንዷ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ትይዛለች። አንደኛዋ ምን እንደምትሠራ እሱ ራሱ በትክክል አያውቅም ነበር።

«ግን የሆነ አገር ያሉ ሁለት ሰዎች ይጠቀሙባታል» አለኝ።

«ሁለት ሰው!» ብዬ ሳቅኩበት።

«አንቺ ዛሬ ስንት ደንበኛ ገባልሽ?»

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለዋለ የገባልኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለዝናብ ሊጠለል።

ፕሮግራሟን ማንም ሳይነካት እንዴት እንደምትበላሽ አንዴ ጠይቄው ነበር። «ቤቱ አልተነቃነቀም፤ የሚነቃነቀው መሬቱ ነው» አለኝ። ከሥሯ ያለው ሁሉ በየወሩ ይለዋወጣል፤ የሚያይላት ሰው ከሌለ እሷ ባለችበት ትቀራለች። ስለዚህ ሥራው ማለቂያ የለውም። ሲስተካከል ማንም ልብ አይልም፤ ሲበላሽ ነው ሰው የሚጽፈው። እናታችን «አንድ የራስህን ሳትወልድ የአሥራ ሁለት ሰው ልጅ ታሳድጋለህ» ትለው ነበር። እሱም «የሚበሉት መብራት ብቻ ነው፣ እማ» ይላታል።

ሶርሳ የሠራውን ወደ ፕሮጀክቱ በቀጥታ ማስገባት አይፈቀድለትም ነበር። ሙሉ አባል ለመሆን አንድ አባል ፊት ለፊት አግኝቶት፣ መታወቂያውን በእጁ ይዞ አይቶ፣ «ይህ ሰው በእርግጥ ራሱ ነው» ብሎ መመስከር አለበት። በደብዳቤ አይሆንም፣ በስልክም አይሆንም። ሶዶ የመጣ አባል ደግሞ የለም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሶርሳ ይሠራል፣ ለሄንሪክ ይልካል፣ ሄንሪክ መርምሮ ያስገባል። «አንድ ቀን መጥቼ መታወቂያህን አያለሁ» ይለው ነበር። ሶርሳ የቀበሌ መታወቂያውን በጥር አሳድሶ በየካቲት ሞተ። ኩላሊቱ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ሕክምና ሐዋሳ ሲመላለስ ደብዳቤውን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። እሱ ጋደም ብሎ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የይለፍ ቃሉን ያወቅኩት በዚያ ነው። ሥራውንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ጥቂቱን ከአፉ፣ የቀረውን ከደብተሮቹ ለቅሜ ነው።

አሁን ለሄንሪክ ምን ብዬ እመልስለታለሁ? በእኛ ዘንድ ሞትን በወረቀት መላክ ነውር ነው። መርዶ ሰው ነው የሚያደርሰው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ለሰውየው ጎረቤት አስቀድሞ ይነገራል፤ ከዚያ በማለዳ አብረው ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ቀስ አድርገው ይነግሩታል። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ መኖር አለበት። መርዶ ነጋሪ እስኪገኝ ለሩቅ ዘመድ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። አባታችን በሞተ ጊዜ አርባ ምንጭ ለነበረው አጎታችን ሁለት ወር ሙሉ «ትንሽ አሞታል» ስንለው ቆይተናል። የሰማ ሰው ይገባዋል። ምን ያህል እንዳመመው አይጠይቅም። ልቡን እያዘጋጀ ይቆያል።

እኔም ስሜን ሳላሰፍር «ሶርሳ ትንሽ አሞታል» ብዬ ጻፍኩ።

ሄንሪክ ሰዓት ሳይሞላ መለሰ። «ላሳወቅከን እናመሰግናለን። በደንብ ይረፍ። እንጠብቀዋለን።»

እንጠብቀዋለን ሲል ነው እንዳልገባው የገባኝ። ያኔ ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ «አይዟችሁ፣ እሱ አርፏል» እያለ ነው የሚወጣው። በዚያች የደብዳቤ ሳጥን የሚመጣው ግን «ይህ ተበላሽቷል»፣ «ያኛው አልከፈት አለ»፣ «መቼ ታየዋለህ?» ብቻ ነው። በዚያች ሳጥን ውስጥ ወንድሜ አልሞተም። ሥራ በዝቶበት ነው።

በሚያዝያ መጀመሪያ መምህር ክብረት ከጉኑኖ መጣ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በእሱ እጅ ናቸው። ደጃፉ ላይ የጫማውን ጭቃ ሲጠርግ ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ሰጊ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት።»

«ግባ መምህር። ቀብሩ ላይ አልቅሰህ ሄደሃል፣ ዛሬ ደግሞ ተናገር።»

«የአምስቱ ኮምፒውተሮች ዲስክ ሄዷል። ዲስክ አግኝተናል፤ የምንጭነው ሲዲ ግን ከመጫጫሩ የተነሳ አይነበብም። ሶርሳ አዲሱ እትም ሲወጣ እሱን እንጭናለን ብሎኝ ነበር።» ቀጥሎ «ማተሚያዎቹ በአዲሱ ይሠራሉ?» አለኝ።

«አይሠሩም ያለህ ሰው አለ?»

«የለም። ይሠራሉ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው።» የቀኝ እጁን ጣቶች አሳየኝ። «አንድ ሺህ አንድ መቶ ተማሪ ነው። ካርድ በእጅ ስንሞላ የኖርነውን ታውቂያለሽ። ይኸው ጎብጦ ቀርቷል።»

«እሱ እንኳ ከጠመኔ ነው» አልኩት። ሳቀ። ከሚስቱ የተላከ፣ ለምሳ የሚቀቀል አንድ ከረጢት ቦዬ ወንበሩ ሥር ትቶልኝ ሄደ።

ሦስት ቀን የሶርሳን ደብተሮች ሳገላብጥ ከረምኩ። በአንደኛው ላይ፣ ለሌላ ፓኬጅ የተጻፈ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ «አሮጌው ኮምፓይለር ገምቶ ያልፍ የነበረውን አዲሱ አይገምትም። ከየት እንደሚያመጣው በግልጽ ንገሪው» ይላል። «ንገሪው» ነው የሚለው። ሐዋሳ ሆኖ ያስጻፈኝ ገጽ ነው፤ ረስቼው ነበር። በማተሚያዋ ፕሮግራም ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ። አራት ጊዜ እምቢ አለ፣ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፣ በአምስተኛው እሺ አለ። ለሄንሪክ ላክሁለት። ስሜን አልጻፍኩም። ከእሱ ሳጥን ስለሚሄድ ከላይ የሶርሳ ስም ራሱ ይወጣል።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ተሽሎሃል ማለት ነው! ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

በእርግጥም ነግሯቸዋል። እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዎች «እንኳን አተረፈህ» ማለታቸው የሚመስል ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ኩላሊት ለታመመ የሚሆን የምግብ ዝርዝር ላከ። ለካስ ሶርሳ አንድ ቀን ስለ ኩላሊቱ ነግሮት ኖሯል። ሱቁን ዘግቼ ከማተሚያ ወረቀቱ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የቀብሩ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም።

የተሻለው ሰው ደግሞ ሥራ ይጠበቅበታል። በአሥራ አንዱ ፓኬጆች ላይ የቆየው ሁሉ መጣ። ጠዋት ስገባ አራት፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ሦስት። ሦስቱን ፓኬጆች እንደምንም አስተካከልኩ። የቀሩት ስምንቱ ከእኔ በላይ ነበሩ። ያችን ማንም ምን እንደምትሠራ የማያውቃትን ከፍቼ አየኋት፤ እኔም አላወቅኩም። የደንበኛ ወረቀት ሳባዛ ገጽ መዝለል ጀመርኩ። አንድ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ «ሰገነት፣ የምስክሮቼን ገጽ ዘለልሽው፤ ክሱ ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎ ከቢሮ ተመልሶ መጣ።

ግንቦት 5 ቀን ሄንሪክ ለሁሉም ተንከባካቢዎች የሚላክ ደብዳቤ ላከ፤ ከሥሩ ለሶርሳ ለብቻው ሁለት መስመር ጨምሮበታል። ከአዲሱ እትም በፊት እያንዳንዱ ሰው እስከ ግንቦት 30 «አለሁ» ብሎ መመለስ አለበት ይላል። ያልመለሰ ፓኬጆቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ደህና የሆኑትም ጭምር። የደከመው ሰው ደግሞ «ትቻለሁ» ካለ ለሌላ ይሰጣሉ። ለሶርሳ ብቻ የጨመረው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከከበደህ ንገረኝ። የሚወስዱ ሰዎች አሉ። እንደምትመለስ እያወቅን ግን ከእጅህ ላይ አንወስድም።»

«አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሳልልክ ደመሰስኩት። «ትቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ደመሰስኩት። ሶርሳ የለም፤ ግን አልተዋቸውም። ከሁለቱ ሌላ ቃል አልሰጡኝም።

እዚህ ላይ የምፈራውን በግልጽ ልናገር። እያንዳንዱ ፓኬጅ ላይ «ተንከባካቢ» ከሚለው ጎን የወንድሜ ስም ተጽፏል። ከዚያ ሌላ ስሙ የተጻፈበት ቦታ መቃብሩ ላይ ያለው ሲሚንቶ ነው፤ እሱንም የሠራው ሰው በጥድፊያ ነው የሠራው። መሞቱን ከተናገርኩ ስሙ ከአሥራ ሁለቱም ላይ ይፋቃል። ዝም ካልኩ ደግሞ የጉኑኖ ማተሚያዎች ያለ ፓኬጅ ይቀራሉ፣ መምህር ክብረትም በሰኔ እስክሪብቶውን ያነሳል።

ጋሽ ኤርሳዶ ዘንድ ሄድኩ። የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው፤ አርባ ዓመት መርዶ ሲያደርሱ ኖረዋል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዝንጅብል ሲልጡ አገኘኋቸው። ሁሉንም በወላይትኛ ነገርኳቸው፣ «ትንሽ አሞታል» ያልኩትንም፣ ተሽሎታል መባሉንም። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ከሞት አስነስተሽዋል እኮ!»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?»

«አላውቅም።»

«ሶርሳ አራት ዓመት ሲጽፍለት ጎረቤት እንዳለው አልጠየቀውም?»

«የሚጻጻፉት ስለ ማተሚያ ነው።»

«አራት ዓመት! ስለ ማተሚያ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚስትስ?»

«እሱንም አላውቅም። ድመት እንዳለው አውቃለሁ።»

«ድመት አይዝም ሰው ሲወድቅ።» ዝንጅብሉን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ እዚያ መሄድ አልችልም። አንቺም አትችይም። በእነሱ ማኅበር ውስጥ በእግር ደርሶ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ፈልጊ። ማኅበር ከሆነ አንድ አይጠፋም። ከጠፋ ማኅበር አይደለም።»

የፕሮጀክቱን ስሞች ሳገላብጥ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ኢንግሪድ የምትባል ሴት አገኘሁ፤ የአዳዲስ አባላትን ምስክርነት የምትቀበለው እሷ ናት፣ የምትኖረውም ከሄንሪክ ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ርቃ ነው። በራሴ ስም ጻፍኩላት። የሶርሳ እህት ነኝ፣ ወንድሜ የካቲት 17 ቀን ሞቷል፣ ለሄንሪክ እባክሽ ሄደሽ ንገሪልኝ አልኳት።

«አዝናለሁ» ብላ መለሰች። «ግን ርቀቱን አይተሻል። ስልክ ልደውልለት?»

እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ «ወንድሜ አራት ዓመት ሠርቶላችሁ አባል ያላደረጋችሁት ሰው ፊት ለፊት ስላላየው ነው። አንድ ሰው ራሱ መሆኑ በስልክ አይረጋገጥም አላችሁት። ደንባችሁን አከበረ፣ ጠበቀ። በእኛም አገር የሰው ሞት በስልክ አይነገርም።»

አንድ ቀን ሙሉ መልስ አልመጣም። አስቀየምኳት ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን «ቅዳሜ እሄዳለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?» አለች።

ጋሽ ኤርሳዶን ጠየቅኳቸው። «ምንም አትያዝ። ብቻዋን አትሂድ። ስትገባ ስለ ጤናው ትጠይቀው፣ ስለ ሥራው፣ ስለዚያም ድመት ትጠይቀው። ካልተቀመጠ አትናገር። ከተናገረች በኋላ ቶሎ አትውጣ።» ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩና ላክሁላት። «እሺ፣ ባለቤቴን ይዤ እሄዳለሁ» አለች።

ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በእነሱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ኤርሳዶ ካፖርታቸውን ለብሰው ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ሱቄ መጡ። «እዚያ ሲነገር እዚህ ባዶ አይሆንም» አሉ። እናቴንም ይዘዋት መጥተዋል። በፎቶ ኮፒው ማሽንና በግድግዳው መካከል አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሻንቶ የመጣ አንድ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ሊያባዛ ገባና ሽማግሌዎቹን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ለቅሶ ነው» አሉት ጋሽ ኤርሳዶ።

«የማን?»

«የሶርሳ።»

«ሶርሳ እኮ በየካቲት ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

«አዎ። ሩቅ አገር ደግሞ ዛሬ ነው የሚሞተው።»

ሰውየው ኮፍያውን እንደያዘ እሱም ከጫፍ ተቀመጠ። ፈቃዱን ያባዛሁለት ከሰዓት በኋላ ነው።

የሄንሪክ ደብዳቤ እሁድ መጣ። ረጅም ነው፤ ሁሉንም አልጽፈውም።

«ኢንግሪድና ባለቤቷ ሳይደውሉ መጡ። እኛ ዘንድ ሰው ሳይደውል አይመጣም። ስለ ጀርባዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ድመቴ ጠየቁኝ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ። ከፕሮጀክቱ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ነገሩኝ። እስኪመሽ አልሄዱም። ኢንግሪድ አትሂዱ ተብለናል አለችኝ። አንቺ ‹ትንሽ አሞታል› ብለሽኝ ነበር። እኔ ‹ትንሽ› የሚለውን አመንኩ። እንደዚህ መነገሩ ይሻላል ወይስ ይብሳል፣ አላውቅም። ደክሞኛል። የሚያዝያውን ማስተካከያ የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«በስምሽ መላክ ነበረበት» አለኝ። ተቆጥቶኛል፤ ትክክልም ነው። «ማን ምን እንደሠራ ካላወቅን ሥራችን ዋጋ የለውም። በሞተ ሰው ስም የመጣ ሥራ አስገብቻለሁ፤ ይህንንም ለሁሉም መጻፍ አለብኝ።» ጻፈም። ሦስት ቀን ሰዎች ተከራከሩበት፤ አንዳንዶቹ አዘኑልኝ፣ አንዱ ማታለል ነው አለ። መልስ አልሰጠሁትም። ማታለል ነበር።

ስለ ስሙ ስጠይቀው ያላሰብኩትን ነገረኝ። በእያንዳንዱ ፓኬጅ ውስጥ የለውጦች መዝገብ የሚባል አለ። ማን፣ በምን ቀን፣ ምን እንዳስተካከለ ይጻፍበታል። ከላይ ይጨመርበታል እንጂ ከታች አይነካም። ተንከባካቢው ሲለወጥ ከፊት ያለው ስም ይነሳል፤ መዝገቡ ውስጥ ያለው ግን ፓኬጁ እስካለ ድረስ ይኖራል። የማተሚያዋን ከፍቼ አየሁ። ሶርሳ አርባ አንድ ቦታ አለ። ከእሱ በታች መጀመሪያ የጻፋት ሰውዬ ስም አለ። የእሱም ወሬ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሁለት ወር የፈራሁት እንግዲህ ባለማወቄ ነበር። ሶርሳ ይህን ሳይነግረኝ የሞተው የማውቅ መስሎት ይሆናል፤ ወይም ስለ ስሙ አስቦ አያውቅ ይሆናል።

ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ሌሎች ወሰዷቸው። አራቱን የወሰደ የለም፤ ግንቦት 30 ቀን ወጡ። ያቺ ምን እንደምትሠራ ያልታወቀችው ከወጡት አንዷ ናት። ከሳምንት በኋላ ከሁለት ሰዎች «የት ሄደች?» የሚል ደብዳቤ መጣ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

የማተሚያዋን እኔ ወሰድኳት። የሰኔ ካርድ በጉኑኖ በማተሚያው ነው የታተመው። አሁንም በየጥቂት ወሩ መሬቱ ይነቃነቃል፣ እኔም አንዲት መስመር እጨምራለሁ፤ ሄንሪክ መርምሮ ያስገባል። የጤናዬን ነገር ሳይጠይቅ ግን ስለ ማተሚያ መጻፍ ትቷል። ሶዶ አልመጣም።

በ2010 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ሁለት አዲስ ማተሚያ ገዛ፤ አሮጌዎቹ መጋዘን ገቡ። በዓለም ላይ ሌላ የሚጠቀምባት ሰው እንዳለ ሦስት ወር ጠየቅኩ፤ የመለሰ የለም። ፓኬጇ በሚያዝያ ከፕሮጀክቱ ወጣች። ትውጣ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።